እናቴ ሳይሞቱ የደገሱት ተዝካር

ጥቅምት ፭ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.፣ ቅዳሜ፣ ከገበያ በኋላ

የባንዳ ሱሪ፣ ሁለት። መቀመጫቸው አልቋል። የጣልያን መንግሥት ብዙ ይቀመጣል መሰል። የስፌት መኪናዬ ዘይት ትፈልጋለች፤ ዘይት የለም። ቅቤ ቀባኋት። አሁን የደብረ ታቦር ዝንብ ሁሉ እኔ ሱቅ ነው።

ደብተር ሆይ፣ ዛሬ የሰማሁትን ስማ። ጎረቤቴ ሐሰን፣ ጨውና በርበሬ የሚሸጠው፣ ሚዛኑን እያስተካከለ ጠየቀኝ፦ እናትህ ጌሾ በቁና ገዙ፤ ማን ሞተባችሁ? ማንም፣ አልሁ። ለተዝካር ነው ብለውኛል፣ አለ። የማን ተዝካር? የራሳቸው።

የቁም ተዝካር ይባላል። ሰው በሞተ በአርባ ቀኑ ዘመድ የሚደግሰውን፣ ቄስና ለማኝ በልቶ «ነፍስ ይማር» የሚለውን ድግስ፣ ሰውየው ራሱ በቁሙ ይደግሰዋል። እንዲህ የሚያደርግ መካን ነው። ወይም መነኩሴ ነው። ወይም ልጁን አያምንም።

እናቴ መካን አይደሉም። አልመነኮሱምም።

ጥቅምት ፮

ጋፋት፣ እናቴ ቤት።

ነገሩ የተበላሸው በሰኔ ነው። ታመው ተኝተው ሳለ፣ ብሞት ትደግስልኛለህ ወይ አሉኝ። አልደግስም አልሁ። ሰው የሚድነው በጸጋ፣ በእምነት ብቻ ነው፤ የጌታ ደም ከፍሎ ጨርሷል፤ በሬ ታርዶ የሚጨመርበት ነገር የለም አልሁ። ይህን ሁሉ ትኩሳት ላለባቸው ሴት። ወንጌል ያመጡልን ሐኪሞቹ ፈረንጆች ሲያስተምሩን በጊዜውም ያለ ጊዜውም መስክሩ ብለውናል። ያለ ጊዜው የሚለውን እኔ በደንብ ይዤዋለሁ።

ፈረንጆቹን ጣልያን አባረራቸው። በከተማው የቀረነው አማኞች አራት ነን። ሦስቱ መጽ. ቅዱስ የሚገልጡት በር ዘግተው ነው። እኔ የምዘጋው በር የለኝም፤ ሱቄ መጋረጃ ነው። ስለዚህ ጸረ ማርያም ተብሎ የሚሰደበው አንድ ሰው ነው፤ ለአራታችንም እችላለሁ።

እናቴ ጌሾ ይወቅጣሉ። ቀና አላሉም።

«ክርስቶስ ከፈለልሽ አልኸኝ?»

ከፈለልዎ፣ አልሁ።

«ሙሉውን?»

ሙሉውን።

«እግዜር ይስጠው። ታዲያ ዕዳ የሌለባት ሴት ድግስ ብትደግስ አንተን ምን ቸገረህ?»

ሮሜን በልቤ ገለጥሁ። ገላትያን ገለጥሁ። ለዚህ የተጻፈ የለም።

ወደ መጨረሻው ቀን ዞርሁ። ሰው በሥራው ከታመነ ጌታ በሩ ላይ ቆሞ «አላውቃችሁም» ይላል አልሁ። ዘነዘናውን አስቀመጡ። «በሰኔ በር ላይ ቆሞ እናቱን አላውቃትም ያለ አንድ ሰው አይቻለሁ» አሉ። «ጌታ ግን አይደለም።»

ተመለስሁ። ጋፋት የድሮ ንጉሥ ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ ፈረንጆችን መድፍ ያሠራበት መንደር ነው። እዚያ ሄዶ የሰበከ ሰው እንደ ሐሳቡ ወጥቶለት አያውቅም።

ጥቅምት ፲፬

ለአስተርጓሚው የጠገንሁትን ሱሪ ላደርስ ወደ ጣልያኑ ሹም ቢሮ ሄድሁ። እናቴ ቀድመውኛል። ከነፍስ አባታቸው ከአባ ገብሬ ጋር ገብተው ቆመዋል። ሰው የሚሰበሰብበት ድግስ ፈቃድ ይፈልጋላ። ከበሩ ውጭ ጠበቅሁ። በሩ አይገጥምም፤ እግ/ር ላናጢው ይስጠው።

ሹሙ የሟችን ስም ጠየቀ። እናቴ ስማቸውን ሰጡ። የአመልካችን ስም ጠየቀ። ያንኑ ሰጡ። አስተርጓሚው ላብ ላብ አለው። መቼ ነው የሞተችው? «እግዜር ሲፈቅድ ነዋ» አሉ እናቴ።

ሹሙ ረጅም ነገር ተናገረ። ሲተረጎም አጭር ሆነ፦ መጀመሪያ ሞት፣ ከዚያ ድግስ። ሮማም እንዲሁ ነው። እናቴ በሮማ ቀኑ። «ልጅ የሚታመንበት አገር ይሆናላ» አሉ። ይህን ሲሉ ወደ በሩ ዘወር አላሉም። እዚያ መቆሜን ግን ያውቃሉ፤ ሳሌን ከሕፃንነቴ ያውቁታል።

በመጨረሻ ፈቀደ። የነቢያት ጾም ሳይገባ፣ ለኅዳር ሚካኤል። ነገር ግን ዋስ ይቁም። ዋሱ ዳሱ በር ላይ ይቀመጣል፤ የሚገባውን ሁሉ አንድ በአንድ አውቀዋለሁ ብሎ ያስገባል። አንድ ሽፍታ ቢገባ ተጠያቂው ዋሱ ነው። ሽፍታ የሚላቸው አርበኞቻችንን ነው። ተጠያቂ ሲል ጣቱን አንገቱ ላይ አሳለፈ። ይህንን ማንም አላስተረጎመም።

ጥቅምት ፳፪

ዋስ ጠፋ።

ጭቃ ሹሙ ጥርሱን አሞታል። ያጎቴ ልጅ በቅሎው ታማበታለች። አባ ገብሬ ተለመኑ፤ «እኔ የነፍሷ ዋስ ነኝ» አሉ፣ «ሥጋዋን ሌላ ሰው ይያዝ።» ይህን የመሰለ የሥራ ክፍፍል ከጣልያን ቢሮም አላየሁ።

ሁሉም የሚፈራው ደሴን ነው። ደሴ የእናቴ የወንድማቸው ልጅ፣ እናቴ ያሳደጉት፣ ከኔ ጋር ባንድ ቁርበት የተኛ። አሁን ከእብናት ወዲያ ከአርበኞች ጋር ጫካ ነው። ለሐሰን ጨው በሚያመጣ ነጋዴ መልእክት ልኳል፦ ለአክስቴ ተዝካር እመጣለሁ። ቅር የሚለው ሰው ካለ እዚያው ይንገረኝ።

በሐሰን በኩል መለስሁለት፦ አትምጣ፣ ድርሻህ ይላክልሃል። ዛሬ መልሱ ደረሰ፦ የቀዘቀዘ ወጥ ለስንቅ እንጂ ለተዝካር አይሆንም። ያሳደገችኝ አክስቴ የምትሞተው አንድ ጊዜ ነው፤ እሱንም በቁሟ። ሳልደርስ ብቀር ሰው ምን ይለኛል?

አንገቱ የሚቆረጠው ሰው ምን እንደሚለው አልጠየቀም።

ሐሰን፣ እኔ ልቁም እንዴ፣ አለ። ጨው እየሠፈረ ነው ያለው፤ ቀና እንኳ አላለም። ጣልያን እስላሙን ቶሎ አይሰቅልም አለ። ልጆቹ ከመጋረጃው ኋላ ይጯጯሁ ነበር። ወደ ሱቄ ገባሁ።

ደብተር ሆይ፣ አንድ ነገር አስቸግሮኛል። ዋስ የሚለው ቃል ከዕብራውያን መልእክት ወጥቶ ሱቄ ገብቷል፤ በርጩማ ስቦ ተቀምጧል። ስንት ጊዜ ሰብኬዋለሁ፦ ጌታ ዋሳችን ነው፣ ዕዳው የኛ ሳለ አንገቱን ሰጠ። ጥሩ ስብከት ነው። አንገት የምትለዋ ላይ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። ሰው ይነካል።

ኅዳር ፪

እናቴ ሱቄ መጡ። ከሰኔ ወዲህ የመጀመሪያቸው። አቡጀዲ ይዘዋል። ቀሚስ ስፋልኝ አሉ፤ በገዛ ተዝካሬ ቡትቶ ለብሼ አልቀመጥም።

ለካሁ። ትከሻቸው ጠቧል። ወገባቸው የለም ማለት ይቻላል። እንደገና ለካሁ፣ ያው ነው።

እየለካሁ ወሬ አመጣሁ። ድፍድፉ እንዴት ነው? ተጠንስሷል። በሬውስ? ቆሞ ይበላል። ታዲያ ዋሱ? የአቡጀዲውን ጫፍ አጠፉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ካልተገኘ ጠላውን ለጎረቤት አድላለሁ አሉ፣ በሬውም ይረስ። «እኔም እንደ ውሻ እቀበራለሁ። ያንተ ጌታ እንደሆነ ድግስ አይጠይቅም ብለኸኛል።» ነገር አልነበረበትም። ደክሟቸው ነው የተናገሩት። ነገር ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

ዋስ ተገኝቷል፣ አልሁ።

«ማነው?»

መርፌ በጥርሴ ይዤ ነበርና አልመለስሁም። አልዋጥሁትም፤ እግ/ር ይመስገን።

ኅዳር ፫

ፈረምሁ። ሹሙ ዝምድና ጠየቀ። ልጅ ነኝ አልሁ። ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ። ልጅ ካላት ለምን አርፋ አትሞትም? አለ። ጣልያን አገራችን ከገባ ጀምሮ የጠየቀው የመጀመሪያው ደህና ጥያቄ ነው።

አባ ገብሬም ያንኑ አሉ። ልጅ ከተገኘ የቁም ተዝካር ምክንያት የለውም፣ ነገሩ ሥርዓት ይጎድለዋል። እናቴ፦ «ጠላው ተጠንስሷል፣ አባቴ። ጠላ ንስሐ አይገባም።»

ማታ ሦስቱ ወንድሞች በጓሮ መጡ። ለሙታን ድግስ ዋስ መቆም ከየትኛው ምዕራፍ ነው? እኔ የቆምሁት ለተዝካሩ አይደለም አልሁ። ተዝካር አንድም ነፍስ አያሻግርም፤ ትናንትም ብዬ ነበር፣ ነገም እላለሁ። የቆምሁት ለእናቴ ነው። እነሱም፣ ልዩነቱን ጣልያን ሲሰቅልህ አስረዳው አሉ። ጸለዩልኝ። ጸሎቱ ስለ አንገቴ በዝርዝር ስለነበር ብዙም አላጽናናኝ።

ለደሴ ሁለተኛ መልእክት ላክሁ። መልስ የለም።

ኅዳር ፲፪፣ ሚካኤል፣ ረፋድ

ዳሱ በር ላይ፣ ጉቶ ላይ ተቀምጬ፣ በእርሳስ።

ሁለት ባንዳ ተመድቦልናል። አንዱ እኔ የጠገንሁትን ሱሪ ለብሷል፤ ሲቀመጥ እፈራለሁ። ሰው በመጣ ቁጥር ይጠይቀኛል፦ ታውቀዋለህ? አውቀዋለሁ እላለሁ። ይገባል።

የጋፋትን ሰው አውቃለሁ። ሐሰንን አውቃለሁ፤ ሥጋችንን አይበላም፣ ንፍሮ ይዞ ጥግ ተቀምጧል። ለማኙን ግን ማን ያውቀዋል? ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፣ ተዝካር ግን ይሸተዋል። አንድ ዓይና፤ አውቀዋለሁ። ሽባ በአህያ፤ አውቀዋለሁ፣ አህያውንም አውቀዋለሁ። አንዲት ሴት አራት ልጅ አስከትላ ቆመች፣ እሷም እንደማላውቃት ታውቃለች። አውቃታለሁ አልሁ። ልጆቹ ተሻምተው ገቡ።

ከጠዋት ጀምሮ ውሸት። አሥርቱ ትእዛዛት ዘጠኝ ቀሩ። ለዚህ ሁሉ ይቅርታ የሚገኘው በጸጋ ብቻ ነው። ይህ ትምህርት ለሌላ ሰው የሚሰበክ ይመስለኝ ነበር።

ውስጥ እናቴ በአዲሱ ቀሚሳቸው መሐል ተቀምጠዋል። የበላ ሁሉ እየተነሣ ፊት ለፊታቸው «ነፍስ ይማር» ይላቸዋል። አሜን ይላሉ። ሟች አሜን ሲል የሰማሁት ዛሬ ነው።

ቅድም በዋንጫ ጠላ ይዘውልኝ መጡ። ባንዳው ዋሱን ታውቂዋለሽ ወይ ብሎ ቀለደባቸው። «አውቀዋለሁ» አሉ። «ልጄ ነው።» ተመልሰው ገቡ። ጠላው ጥሩ ነው። ጌሾው ትንሽ በዝቷል።

ቀትር ሊሆን ነው

በእብናት መንገድ፣ ከለማኞቹ ኋላ፣ አንድ መነኩሴ ይመጣል። ቆብ። መቋሚያ። ዓይኑን መሬት ላይ ጥሏል። ቀኝ እግሩን ወደ ውጭ እየጣለ ይራመዳል። ያቺን እግር አውቃታለሁ። ከእናቴ ጓሮ ወይራ አብረን ስንወድቅ የተሰበረችው ናት።

እናቴም አይተውታል። ጭልፋቸውን ይዘው ቆመዋል። የሚያዩት ግን እሱን አይደለም። እኔን ነው።

ባንዳው እየጠራኝ ነው። የሚጠይቀኝን አውቀዋለሁ። ልነሣ። ለማኞቹ መምጣት ከጀመሩ ወዲህ ሳልዋሽ አውቀዋለሁ የምለው ይህን አንዱን ብቻ ነው።