ድካሜን ለወሰደችልኝ ለዱሬቲ

አምቦ፣ ኅዳር 14 ቀን 1964 ዓ.ም.

ውድ ዱሬቲ፣

አሥራ ሰባት ዓመት ከመንፈቅ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ብድግ ብዬ እንዴት ነሽ ማለት ያሳፍራል። ያም ሆኖ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽ ደህና ነው? ያቺ ዳለቻ ፈረስሽ አርጅታ ሞታ ይሆናል። የሷን ውርንጭላ ትጋልቢ ይሆናል ብዬ አስባለሁ፤ አንቺን በእግርሽ ስትሄጂ ማሰብ አልችልም።

የምጽፍልሽ ስለ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ያኔ ገበያ መሐል ያዋረደሽን ወሬ ማን እንዳወራው ልነግርሽ ነው። ሁለተኛው፣ ልጄን አመለሸጋን እንድታድኚልኝ ልለምንሽ ነው። ሁለተኛውን ለመጠየቅ የመጀመሪያውን መናገር አለብኝ፤ አለዚያ ዓይን አውጣነት ይሆናል። ዓይን አውጣ ነሽ እያልሽ ትስቂብኝ ስለነበር ብዙም አይገርምሽም።

ሐምሌ 1945 ነበር። ባለቤቴ ከበበው የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ሆኖ ተዛውሮ ከአዲስ አበባ አምቦ ከመጣን አምስት ወር አልሞላንም። ዘመድ የለኝ፣ ቋንቋውን አላውቅ፣ ዝናቡ አያባራ። እንዲህ ሆኜ ወለድኩ። ሰው ሁሉ እንኳን ማርያም ማረችሽ ይለኛል፤ እኔ ግን እውነቱን ልናገር፣ ልጅቷን ሳያት የሰው አደራ የተቀመጠብኝ ነበር የመሰለኝ። ወገቤ ተቆርጧል፣ እንቅልፍ የለኝም፣ እሷ ታለቅሳለች። እናትነት እንዲህ ከሆነ ቀደም ብሎ የሚነግረኝ ሰው እንዴት ጠፋ እያልኩ እናደድ ነበር።

በአምስተኛው ቀን ጎረቤቴ እትዬ ጉዴ እንደ አገሩ ልማድ ሴቶቹን ሰብስበው፣ ገንፎ አገንፍተው ገቡ። አንቺ የባላቸው ወገን ነሽ፤ ከወንጪ ማር ጭነሽ መጥተሽ ዝናብ ይዞሽ ነው አብረሽ የገባሽው። ሴቶቹ እየጎረሱና እየዘፈኑ ልጅቷን ከእቅፍ ወደ እቅፍ ሲቀባበሏት አንቺ ብቻ እኔን ታዪ ነበር። መጥተሽ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥሽና የት ነው የሚያምሽ አልሽኝ። ከወለድኩ ጀምሮ ይህን የጠየቀኝ ሰው ስላልነበረ ማልቀስ ጀመርኩ።

ወጣ ብለሽ ከደጅ አንድ ዘለላ ሰርዶ ነቅለሽ ተመለስሽ። አንዱን ጫፍ ለኔ አስያዝሽኝ፣ ሌላውን አንቺ ያዝሽ።

«ውሰጂው በይኝ» አልሽ። «እኔ ቦታ አለኝ።»

ሦስት ልጅ መቅበርሽን እትዬ ጉዴ የነገሩኝ በኋላ ነው። እኔ የገጠር ሴት ምርቃት መስሎኝ፣ ይሉኝታም ይዞኝ ውሰጂው አልኩ። የወገቤ ሕመም ተነስቶ ሄደ። ቀስ በቀስ አይደለም፤ እንግዳ ተነስቶ እንደሚወጣ ነው የወጣው። አልጋዬ ላይ ቀጥ ብዬ ተቀምጬ ገንፎውን ጠርጌ በላሁ። አንቺ ስትወጪ ግን ወገብሽን ይዘሽ፣ ደረጃውን አንድ በአንድ እየረገጥሽ ነበር። አይቻለሁ ዱሬቲ። አይቼ ዝም አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ የገበያ ቀን መሆኑ ቀርቶ ያንቺ ቀን ሆነ። ማርሽን ሸጠሽ ስትጨርሺ ትመጪያለሽ። እንዳንቺ ያለ ሰው ከዚያ በፊት አላየሁም፣ ከዚያም በኋላ አላየሁም። ፈረስ ላይ ስትወጪ ቀሚስሽን አንድ ጊዜ ሰብሰብ ታደርጊና አለቀ። ቁመትሽ ከከበበው ይበልጣል፤ እሱም ይህን ስለሚያውቅ አንቺ ስትገቢ ከወንበሩ አይነሳም ነበር። አንድ ቀን ጽሑፉ በአውራጃው የታወቀ ነው ብዬ ባሞካሸው፣ ታዲያ ልጅህን የምታጥብበትን ቀን የት ላይ ጻፍከው ብለሽ ጠየቅሽው። አኮረፈ፤ ግን ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ውሃ የሚያሞቀው እሱ ሆነ። ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ ስታወሪኝ እኔም ሳላውቀው ቋንቋሽን መስማት ጀመርኩ። ሳቅሽን ለመስማት ስል የማላምንበትን ሁሉ አወራ ነበር።

በየቅዳሜው ሰርዶ እንይዛለን። ድካሜን ወሰድሽልኝ። ነጎድጓድ መፍራቴንም ወሰድሽ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሰማዩ ሲያጉረመርም ያን የሚያህል ቁመት ይዘሽ ጠረጴዛ ሥር ስትገቢ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ፣ አንቺም ከጠረጴዛው ሥር ሆነሽ ሳቅሽ። እኔ ወፈርኩ፣ ፊቴ ጠራ፣ የጽሕፈት ቤቱ ሰዎች ሚስቶች ምን ተቀብተሽ ነው ይሉኝ ጀመር። አንቺ ከሳሽ። ራሷ ናት የምትለምነኝ እያልኩ ልቤን አታልለው ነበር፤ ነገር ግን ሰርዶውን ቀድሜ ነቅዬ በር ላይ የምጠብቅሽ እኔው ነበርኩ።

አንድ ቅዳሜ ጭንቀቴን ውሰጂልኝ አልኩሽ። ልጅቷ ትታመምብኝ ይሆን፣ ትሞትብኝ ይሆን እያልኩ መተንፈስ አቅቶኝ ነበር። እጅሽን ሰበሰብሽ።

«እሱ ብቻውን አይመጣም፣ ሸዋዬ» አልሽኝ። «ሌላም ይዞ ይመጣል።»

ለመንኩሽ። እምቢ ስትይኝ፣ እንግዲያው የምትወጂኝ ለቀላሉ ነገር ብቻ ነው ብዬ ቅር እንዲልሽ አደረግኩ። ያን ጊዜ ጫፉን ያዝሽው።

ጭንቀቱ ሲሄድ ጆሮዬን ይዞ ሄደ። በሦስተኛው ቀን፣ ግቢ ውስጥ ፀሐይ እየሞቅኩ ፀጉሬን ሳበጥር እትዬ ጉዴ እየሮጡ ገቡ። ልጅቷ አጠገቤ ምንጣፍ ላይ ሆና ፊቷ እስኪጠቁር ታለቅሳለች፤ ለቅሶው እሳቸው ቤት ድረስ ይሰማል። እኔ አልሰማሁም። አፏ ሲከፈት አያለሁ፣ ድምፁ አይደርሰኝም። የወፉን፣ የመንገደኛውን፣ የእትዬ ጉዴን ድምፅ እሰማለሁ፤ የሷን ብቻ አልሰማም። በዚያው ሳምንት ጡቴ ደረቀ። ይህ ሁሉ ሲሆን አልደነገጥኩም፤ የምደነግጥበትን ሰጥቼሽ ነበርና።

ረቡዕ ዕለት፣ ገበያ በሌለበት ቀን መጣሽ። ፈረሷ ላብ በላብ ሆናለች፤ ቀሚስሽ ደረትሽ ላይ ርሷል። ሰባት ዓመት ሙሉ ሳትወልጂ፣ ወንጪ ላይ ጡትሽ በድንገት ሲፈስ ነው ልጅቷ መራቧን ያወቅሽው። አንዲት ቃል ሳትወቅሺኝ አንስተሽ አጠባሻት። ከብቶችሽን ለጎረቤት ትተሽ እትዬ ጉዴ ቤት ተቀመጥሽ። ወራት ሙሉ የኔን ልጅ አጠባሽ፣ የኔን ጭንቀት ተጨነቅሽ። ሌላ ሴት ብትሆን ያን ልጅ ይዛ የወንጪን ሐይቅ ተሻግራ ትሰወር ነበር። አንቺ ግን አጥብተሽ ስትጨርሺ ሁልጊዜ ወደኔ አምጥተሽ ጭኔ ላይ ታስቀምጫት ነበር።

አመለሸጋ ዐሥር ወር ሲሆናት አፏን ፈታች። አዮ አለች፤ አንቺን እናቴ ማለቷ ነው። እኔን ሰው ቤት እንደገባ እንግዳ አየችኝ። ገበያተኛው ልጅሽ አደገች ሲልሽ፣ የሸዋገነት ናት እያልሽ ትመልሺ ነበር። አንድ ቀን ምሳ ላይ ከበበው ቀና ብሎ አየኝና፣ ያቺ የምትቆጣው፣ የምታለቃቅሰው ሚስቴ የት ሄደች አለኝ። ተነስቼ መስታወት ፊት ቆምኩ። የተመቸው፣ ደህና የተኛ ፊት አየሁ። የማን እንደሆነ ግን አላወቅኩትም።

ጭንቀቴን ሰጠሁሽ እንጂ ቅናቴን አልሰጠሁሽም ነበር። ሌላው ሁሉ ሲወጣ እሱ ብቻውን ቀርቶ ተንሰራፋ። መልሺልኝ ማለት ይበቃ ነበር። አልቻልኩም። የጸሐፊ ሚስት ሆኜ አንዲትን የገጠር ሴት ልጄን መልሺልኝ ብዬ መለመን ሞት መሰለኝ። ግንቦት ሃያ አንድ ቀን በማርያም ማኅበር ሴቶቹ ስለ ልጅቷ ጠየቁኝ።

«ዱሬቲ በዓይኗ እየበላችብኝ ነው» አልኳቸው።

ቡዳ የሚለውን ቃል አላወጣሁትም፤ ማውጣትም አላስፈለገኝም። እንዲህ ያለ ነገር ከአንዲት እናት አፍ ሲወጣ በዚህ አገር ምን እንደሚያደርግ አሳምሬ አውቅ ነበር። ውሸት መሆኑንም አውቅ ነበር። ወሬውን ያወራሁት እኔ ነኝ ዱሬቲ። ሌላ ማንም አይደለም።

ቅዳሜ ገበያው አንቺን ሲያይ ገለል አለ። እናቶች ልጆቻቸውን በነጠላ ሸፈኑ፣ ማርሽን የሚቀምስ ጠፋ፣ ኋላም ድንጋይ ተወረወረና ቅንድብሽን ፈነከተሽ። ከሰዓት በኋላ ቤቴ መጣሽ። ደሙ ፊትሽ ላይ ደርቋል። እኔ ብሆን ቤቱን በእሳት ነበር የማነደው። አንቺ ሰርዶ ይዘሽ ገባሽ።

«ሰው ፈርቶኛል» አልሽኝ። «ከኔ ጋር ከታየች ልጅቷንም ይፈሯታል። ያንቺን ልመልስልሽ።»

ማን አወራብኝ ብለሽ አልጠየቅሽኝም። አውቀሽ ይሁን ሳታውቂ እስከ ዛሬ አልገባኝም። የወገቡን ሕመም መለስሽ፣ ድካሙን፣ ነጎድጓዱን። ጭንቀቱ ሲመለስ ጓዳ ውስጥ ልጄ ስታለቅስ ሰማኋት። ጡቴ ሞላ። ሮጥኩ። አቅፌያት ስወጣ ፈረስሽ መንገዱን ይዛለች። አላመሰገንኩሽም፣ ይቅርታ አልጠየቅኩሽም፣ ደሙን እንኳ አላጠብኩልሽም። ከዚያ በኋላ አምቦ ገበያ ላይ ያየሽ የለም።

አዎ፣ አደገኛ ነበርሽ። የጠየቋትን ሁሉ የምትሸከም ሴት እንደኔ ላለ ሰነፍ ሰው አደገኛ ናት። ነገር ግን በሕይወቴ እንዳንቺ ያከበርኩትና የወደድኩት ሰው የለም፤ ይህንንም ልነግርሽ ይገባ የነበረው ያኔ ነበር።

አሁን ስለ አመለሸጋ። አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። ከኔም ከከበበውም ትረዝማለች፤ ስትስቅ አንገቷን ወደ ኋላ የምትጥለው እንዳንቺ ነው። ድሬሰርነት ተምራ በአንድ ክሊኒክ ትሠራለች። በሽተኛው ሁሉ እሷ ትንካኝ ይላል። እጁን ትይዘዋለች፣ ሕመሙ ይሄዳል፤ እሷ የሰው ሳል እየሳለች፣ በሰው እግር እያነከሰች ቤት ትገባለች። ሰርዶ እንኳ አያስፈልጋትም። ከወተቱ ጋር ያገኘችው መሆኑን እኔ አውቃለሁ፤ ለሷ ግን ነግሬያት አላውቅም።

በጥቅምት መጀመሪያ ከእንጭኒ አካባቢ የመጣች አንዲት እናት ሕፃኗ ሲወለድ ሞተባት። አመለሸጋ ሐዘኑን ወሰደችላት። ሴትዮዋ ዓይኗ ደርቆ፣ ልቧ ረግቶ ወደ አገሯ ተመለሰች። ልጄ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ እህል አይወርድላትም። በስሟ ስጠራት አትዞርም። ባለፈው ሳምንት ስምሽ ማን ነው ብላት የሴትዮዋን ስም ነገረችኝ። ያልወለደችውን ልጅ ትፈልጋለች፣ ልብሱን የት አደረጋችሁት ትለኛለች። ወደ ራሷ የምትመለሰው ስታነብ ብቻ ነው፤ ወረቀት ሲሰጧት ለጊዜው የኔ ልጅ ትሆናለች። ሐኪሙ ደም አንሷታል አለ። እኔም ሰርዶ ይዤ ስጪኝ አልኳት። እጄ ላይ ጠወለገ እንጂ ምንም አልመጣም።

አንቺ ሦስት ልጅ ቀብረሽ፣ የኔን ሁሉ ተሸክመሽ፣ ስምሽን አልረሳሽም። ተሸክሞ መቆምን ብቻ ሳይሆን ማስቀመጥንም ታውቂበታለሽ። የት እንደምታስቀምጪው አላውቅም፤ ሐይቁ ጋ ይሁን፣ ጸሎት ላይ ይሁን፣ አልጠየቅኩሽም። እሷን አስተምሪያት። ወርም ይሁን ዓመት እዚያው ትክረም። አዮ ብትልሽ አልቀናም ብዬ አልዋሽሽም፤ እቀናለሁ። ግን ትበልሽ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ማንበብ እንደማትችዪ አውቃለሁ። አንባቢ ፍለጋ እንዳትቸገሪ ደብዳቤውን አሽጌ ለራሷ ለአመለሸጋ ሰጥቻታለሁ። «እትዬ ጉዴ መንገዱን ያሳዩሻል፣ እዚያ ስትደርሺ ከፊቷ ተቀምጠሽ ክፈቺው፣ አንድም ቃል ሳታስቀሪ በኦሮምኛ እየመለስሽ አንብቢላት» ብያታለሁ። ስለዚህ እስካሁን ስትሰሚ የቆየሽው የሷን ድምፅ ነው። የማን ጡት እንደጠባች፣ ማኅበሩ ላይ ምን እንዳልኩ፣ ስለ ድንጋዩም፣ ሁሉንም ካንቺ ጋር እኩል ሰማች። ፊት ለፊት ልነግራት ስንት ጊዜ ሞክሬ አቃተኝ።

አመለሸጋ፣ ልጄ፣ ድምፅሽ ከተሰበረ ውሃ ጠጪና ቀጥዪ። ስምሽ አመለሸጋ ነው። የከበበው ልጅ ነሽ፣ የሁለት ሴቶች ልጅ ነሽ። አንደኛዋ በድላለች፤ እሷም እኔ ነኝ። የተበደለችው ከፊትሽ ተቀምጣለች። ቀና በይና እያት።

ዱሬቲ፣ እኔን ይቅር ለማለት አትቸኩዪ፤ እጠብቃለሁ፣ ባይሆንልሽም አልቀየምሽም። ልጃችን ግን ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም። እስቲ አንቺ አጉርሺያት።

ከአመለሸጋ እናቶች አንዷ፣
ሸዋገነት