በሰላጣዬ ላይ የወረደው ኩስ

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ፤ ጠዋት 1 ሰ.
ዛሬም የወፍ ኩስ። ከአራቱ የሰላጣ መደብ ሦስቱ ላይ፣ ነጭ ነጭ። የሐይቁ ወፎች ከመደቡ በላይ ያለው የሾላ ዛፍ ላይ ማደር ከጀመሩ ወዲህ በየጠዋቱ እንዲሁ ነው። በእርጥብ ጨርቅ እጠርጋለሁ። ደብተሬ፣ ላንቺ ብቻ፦ ሰው ሳያየኝ ቶሎ ቶሎ ነው የምጠርገው። ከጅዳ ከተመለስኩ ወዲህ የመጀመሪያ ሰላጣዬ ነው። ለጎረቤታችን ለእትዬ ዘሀራ ልጅ ኒካህ፣ ለእሑዱ ሠርግ፣ ልሰጠው ቃል ገብቻለሁ።

ረቡዕ፤ ከሰዓት
ከአንድ ዓሣ አጥማጅ አሮጌ መረብ ለምኜ መጣሁ። በእንጨት ወጥሬ መደቡን አለበስኩት። ደስ አለኝ። ወዲያው እህቴ ሐዋ ገባች። የስድስት ወር እርጉዝ ናት፤ ቅጠል ያምራታል። መረቡን ገልጣ፣ አንድ ቅጠል ቀንጥሳ፣ በነጠላዋ ጫፍ ጠረግ አድርጋ ጎረሰች። ጠዋት ኩስ የጠረግሁበት መደብ ነው። እጠቢው ማለት ነበረብኝ። አፍሬ ዝም አልኩ።

ዓርብ፤ 5 ሰ.፣ ጤ/ጣቢያ
ሐዋ ከትናንት ጀምሮ ያስመልሳታል። ተቅማጥ። ትኩሳት። ግሉኮስ ተሰክቶላታል። ነርሷ ጥሬ የበላችው ነገር እንዳለ ጠየቀች። እማ ምንም የለም አለች።
«ሰላጣ በልታለች» አልኩ። «ኩስ ወርዶበት ነበር። እኔ አውቅ ነበር።»
እማ ዞራ አየችኝ።
ነርሷ አልተቆጣችም። ከሰላጣውም ከውሃውም ሊሆን ይችላል፣ ምርመራው ይለየዋል አለች። ግን ኩስ ያረፈበት ቅጠል በጥሬው አይበላም፤ መጥረግ ይቅርና ማጠብም አያስተማምንም አለችን። ከዚያ የፅንሱን ልብ አዳመጠች። ይመታል። አልሐምዱሊላህ።
ሐዋ እጄን ጨብጣ «አብሽሪ» አለችኝ። እሷ እኔን!

ቅዳሜ፤ ጠዋት 2 ሰ.
ትኩሳቷ ወርዷል። የጠጣችው ውሃም ሆዷ ውስጥ ረጋላት። የምርመራው ውጤት ገና ነው።
ወፎቹ አሁን መረቡ ራሱ ላይ ሰፍረዋል። ኩሱ በቀዳዳው ይወርዳል።
እትዬ ዘሀራ መልእክት ልከው ነበር፤ ሰላጣውን ከሰዓት ሊወስዱ ይመጣሉ። እማ «በኮምጣጤ ዘፍዝፈሽ ስጫቸው፤ ሰው ፊት አታዋርጅን» አለችኝ። እምቢ አልኩ። «እንግዲያው ተምች በላው በያቸው።» እሱንም እምቢ። ተጨቃጨቅን። አለቀሰች። እኔም።

4 ሰ.
አራቱንም መደብ ከነሥሩ ነቀልኩ። ቆፍሬ ቀበርኩት። ጥፍሬ ውስጥ ሁሉ አፈር።

8 ሰ.
የእትዬ ዘሀራ ድምፅ ከአጥሩ ውጪ ይሰማኛል። ከእማ ጋር ሰላም እየተባባሉ ነው። በአጥሩ ክፍተት አያቸዋለሁ፤ ሁለት ቅርጫት ይዘዋል። ተምች አልላቸውም። ኩሱንም፣ ተደብቄ መጥረጌንም፣ የሐዋንም ነገር እነግራቸዋለሁ። አሁኑኑ፣ እማ ሳትቀድመኝ —