ሆን ብዬ ያላበላሸሁት ቀን

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን

ለሲባጎዬ፣ ለታናሽ ወንድሜ፤

እንዴት ከርመሃል? ብርዱስ እንዴት ይዞሃል? ካልሲ ደርብ፤ ቅጥነትህን ሳስበው እሰጋለሁ። እማዬ ደህና ናት። የአባዬን ነገር ግን በስልክ ጎደሎ አድርገን ነው የነገርንህ፤ ዛሬ ልሙላልህ።

«ሰው ለመጠገን ይቀጠራል፣ አንቺ ለማበላሸት» እያልክ ስትስቅብኝ ኖረሃል። እውነትህን ነው። በአምቡላንስ ጥሪ ማዕከሉ ሥራዬ ጥሪውን ለሾፌሮች የሚያስተላልፈውን ሲስተም ሆን ብሎ ማበላሸት ነው። ማንም ሳያውቅ አንዱን ሰርቨር አጠፋለሁ፤ ሌላው ፈጥኖ መረከብ አለበት። ካልተረከበ ክፉ ቀን ሳይመጣ ድክመቱን እናስተካክላለን። መጀመሪያ ሰሞን ስልክ ተቀባዮቹ ደንግጠው ጥሪውን ወረቀት ላይ ይጽፉና ሾፌሮቹ ጋ በስልክ ይደውሉ ነበር። እኔ ግን ማሽኑ ለብቻው ሲነሳ ማየት ፈለግኩና «ወረቀቱን ተዉት፣ ዝም ብላችሁ ጠብቁ» አልኳቸው። ሁሌም ደቂቃ ሳይሞላ ይመለስ ነበር።

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ አባዬ ደረጃው ላይ ወደቀ። ያገኘው የታችኛው ፎቅ ልብስ ሰፊ ነው። ወዲያው ደወለ፣ ስልኩም ተነሳለት፣ አድራሻውንም ተቀበሉት። ግን ሲስተሙ ቆሞ ስለነበር ጥሪው ሾፌር ጋ አልደረሰም። በዚያን ቀን እኔ ምንም አልነካሁም። ቢሮ ላይኛው ፎቅ ስልኬን ዘግቼ፣ ሲስተማችን ምን ያህል አስተማማኝ እንደሆነ ለአለቆቹ እያስረዳሁ ነበር።

ታች ስልክ ተቀባዮቹ ደግሞ «ሰባሪዋ ናት፣ አሁን ትመልሰዋለች» ተባባሉ። አንዷ ወረቀት ልታነሳ ስትል ጓደኛዋ «ተይ፣ ኋላ ትቆጣናለች» አለቻት። አሥራ አራት ደቂቃ እኔን ጠበቁ።

ሐኪሙን ደቂቃዎቹ ለውጥ ያመጡ እንደሆን ጠየቅኩት። ፊቴን ሳያይ «ቶሎ ቢመጣ ጥሩ ነበር» አለኝ። የአባዬ ነፍስ ተርፋለች፤ ቀኝ ጎኑ ግን አይታዘዝለትም። «አፉ ትንሽ ከብዶታል» ያልንህ ውሸት ነው፤ አንድም ቃል አይናገርም። «አምቡላንሱ የዘገየው መስመሩ ተጨናንቆ ነው» ብዬ የዋሸሁህም እኔ ነኝ። እማዬም ልብስ ሰፊውም ያንኑ አምነዋል።

ቢሮ ማንም አልወቀሰኝም። አሁን አንድ ደቂቃ ካለፈ፣ የኔ ሙከራም ቢሆን፣ ማንንም ሳይጠይቁ ወረቀት ያነሳሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። አፍሬያለሁ ወንድሜ፤ እንቅልፍም የለኝ።

ትናንት የአባዬን ፊት እያጠብኩ ሁሉንም ነገርኩት። በግራ እጁ እጄን ያዘና አየኝ። ይቅር ብሎኝ ይሁን፣ ወይ ነገሩ አልገባው ይሁን፣ አላወቅኩም።

ክፉ አይንካህ፤ የሰው አገር ሰው ይውደድህ። ስትጽፍልኝ ግን አደራህን እንዳታጽናናኝ። እሱ ሊቆጣኝ አልቻለም፤ ታላቄ ናት ሳትል አንተ ተቆጣኝ።

እህትህ