የማታርፍ እጅና የሎብስተር ጭራ

ኅዳር 3
እንደወትሮው ሰላጣ ስቆራርጥ ዋልኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ ኪያርና ቲማቲም... ከሰዓት የሆቴሉ ሼፍ ጠራኝ። አሳ ክፍል አንድ ሰው ጎድሏል። "ኅዳር አሥር ቀን የሎብስተር ጭራ ጋግረሽ ታሳይኛለሽ። ካማረ ቦታው ያንቺ ነው።" እሺ ብዬ ወጣሁ። ምን ነካኝ? በሰሃን ሲያልፍ አየሁት እንጂ መቼ ሠራሁት?

ኅዳር 5
ለልምምድ ሁለት ጭራ ገዛሁ። ፍሪዘር ውስጥ ስከት አማቴ አዩኝ።
"ጊንጥ ነው እንዴ ያመጣሽብን?"
"የባሕር ነው እማማ፣ ይበላል።"
"የበላው ሰው ይመስክራ!"

ኅዳር 6
አንዱ ተበላሸ። ቅርፊቱን በመቀስ ሰንጥቄ ሥጋውን ወደ ላይ አወጣሁ፣ ቅቤና ነጭ ሽንኩርት ቀባሁት። እስከዚህ ሸጋ ነበር። ኦቭን ከገባ በኋላ ግን... በሰለ? አልበሰለም? ከፍቼ አየሁ። ዘጋሁ። ደግሞ ከፈትኩ። ሙቀቱ እየወጣ፣ እኔ ደቂቃ እየጨመርኩ፣ ጎማ ሆኖ አረፈው። ባለቤቴ ሲያኝክ ሲያኝክ "ጥሩ ነው" አለ። ውሸታም።
አማቴ ከወንበራቸው ሳይነሱ፣ "ሰባት ጊዜ ከፈትሽው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ!" አሉ። ተናደድኩ። ማን ይቁጠሩ አላቸው?

ኅዳር 9
ነገ ነው። የታጠፈ ልብስ ሦስት ጊዜ አጠፍኩ።

ኅዳር 10
ወደቅሁ። ሼፉ ፊት አራት ጊዜ ከፈትኩት፤ ደርቆ ወጣ። "አያያዝሽ ጥሩ ነው፣ እጅሽ ግን አያርፍም። የዛሬ ሳምንት ድገሚው" አለ። የልብስ መቀየሪያው ክፍል ገብቼ አለቀስኩ። ስድስት ዓመት ጠብቄ አሥር ደቂቃ መጠበቅ ያቅተኝ?

ኅዳር 14
የቀረውን ጭራ አስገባሁ። ልነሳ ስል አማቴ እጄን ለቀም አድርገው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።
"እማማ፣ ሊያርብኝ ነው!"
"ይረር።"
ጭምድድ አድርገው ያዙኝ። ባለቤቴ በልጅነቱ ሳሙና ነክሶ አረፋ እንደተፋ ሲያወሩልኝ የሞላሁት ሰዓት ጮኸ። ስናወጣው... ነጭ፣ እርጥብ፣ ሹካ ሲነካው የሚላቀቅ!
"እስቲ ጊንጡን አቅምሽኝ" አሉ። ከግማሽ በላይ በሉት።

ኅዳር 17
ሁለት እጄን ሽርጤ ኪስ ከትቼ ለኦቭኑ ጀርባዬን ሰጠሁት። ደወሉ እስኪጮህ አልዞርኩም። ሼፉ ቆርጦ ቀመሰ። ደግሞ ቆረጠ...
"ከሰኞ ጀምሮ አሳ ክፍል ግቢ።"
ቤት ሮጬ ገብቼ ለአማቴ ከሀ እስከ ፐ ተረክሁላቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ስጨርስ፣ "እሰይ ልጄ! በይ አሁን እጄን ልቀቂኝ፣ ደነዘዘ" አሉ።
ለካ ከበር ስገባ ጀምሮ ጨምድጄ ይዣቸው ኖሯል።