ሃያ ሁለት ሰው አሳፍራ ያለፈችው መርከብ

ልጄ አንዋር፣

መርከብህ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ከሰፈራችን ፊት ለፊት ባለው ጠባብ ባሕር አልፋ ወደ ምዕራብ ሄደች።

አላህ መንገድህን ያቅናልህ፤ ከክፉ ሁሉ ይሰውርህ። እኛ ደህና ነን፤ አባትህን ጉልበቱን ብቻ ያመዋል። በለሱ ደርሷል።

ያን ቀን በመርከብ መቆጣጠሪያው ጣቢያ ራዳሩ ላይ ተረኛዋ እህትህ ኢብቲሳም ነበረች። ገና በዓይን ሳትታዩ ነጥባችሁን አይታ ደወለችልኝ። "በሬዲዮው ሰላም በይልኝ" አልኳት።

"እማ፣ ከሥራ ልታስባርሪኝ ነው? ባሕሩ ላይ ያለ ሁሉ ይሰማል እኮ።"

ስትመለስ ግን አጠገቤ ተቀመጠች። "የሚያልፈውን መርከብ ሁሉ 'ስንት ሰው ተሳፍሯል?' ብለን እንጠይቃለን። 'ሃያ ሁለት' አሉኝ። አንዱ እሱ ነው" አለችኝ።

እሷ ነጥብህን ለሁለት ሰዓት ተኩል ስትከታተል፣ እኔም ያን ያህል ሰገነቱ ላይ ቆሜ ነበር። ጭጋጉ ግን ምንም አላሳየኝም።

መርከቧ ላይ ለተጨማሪ ስምንት ወር የሥራ ውል ትፈርም እንደሆነ ለካፒቴኑ የምትነግረው እስከ ሴፕቴምበር አሥር ነው ብለኸኛል። አላስገድድህም። ከመፈረምህ በፊት ብቻ ድምፅህን አሰማኝ። አላህ ዕድሜህን ያርዝምልኝ፤ እስከ አሥር ድረስ ስልኩን ከእጄ አልለይም።

እናትህ