ሐያት ገዛ ትፈልጋለች

ማክሰኞ፣ ጥቅ. 4፣ ጠዋት

ቅጠሏን በእርጥብ ጨርቅ እየወለወልኩ ነው። አከራዬ አደይ ለተ ሳያንኳኩ ገቡ። ሐያት ትውጣ አሉ። ኮርኒሱን ልትቀደው ነው፣ መስኮቱን ጋርዳዋለች፣ ልጃቸው ሊያገባ ነው፣ ቤቱ ሊቀባ ነው። እስከ እሑድ ቤት ፈልጊላት ብለው ወጡ። ማስታወሻዬ፣ ደሜ ፈላ። የጎማ ዛፍ ናት እኮ፣ ጎረምሳ አላስገባሁ!

ከሰዓት፣ ሱቅ

ጨርቅ የሚጠይቅ የለም። ለሰፈሩ ቴሌግራም ጻፍኩ፣ ያውም በትግርኛ። መጀመሪያ ስመጣ «ገዛ» ሲሉኝ ማን ምን ገዛ እያልኩ የምደናገር የወሎ ልጅ፣ ዛሬ ቤት ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። «ሐያት ገዛ ትደሊ ኣላ።» ቤት ትፈልጋለች ማለቴ ነው። ጭምት መሆኗን፣ ብርሃን መውደዷንም ጨመርኩ። ፎቶው በኔትወርክ ምክንያት አልሄደም። ግድ የለም።

ረቡዕ፣ ጥቅ. 5

ስልኬ አላርፍ አለ። ሁሉም ደላላ። ሐያት ተማሪ ናት? ሠራተኛ ናት? አንዱማ ባል አላት ወይ አለኝ። ለካ ቤት የምትከራይ ሴት መስላቸዋለች። ሳቄ አመለጠኝ። አላገባችም፣ ቁመቷ ግን ኮርኒስ ይነካል አልኩት። እሱ አልሳቀም። ረጅም ከሆነች ወደ ኲሓ መንገድ አሮጌ ቤት አለኝ፣ ኮርኒስ የለውም፣ ጣሪያው ሩቅ ነው አለ። እየሳቅኩ ዘጋሁት።

ዐርብ፣ ጥቅ. 7

ዛፍ መሆኗን ሰምተው ከአንድ ሆቴል ሊያዩዋት መጡ። ለአፍታ ደስ አለኝ። አንዱ ቀና ብሎ አየና አናቷን እንቆርጣታለን አለ። አልሰጥም። ውጡልኝ።

አንቺ ታውቂያለሽ፣ ማስታወሻዬ። በጦርነቱ ጊዜ መንገድ ተዘግቶ፣ ስልክ ጠፍቶ፣ ደሴ ያለች እናቴ ትኑር አትኑር ሳላውቅ፣ የፊቴን እጣቢ እያጠጣሁ ያሳደግኳት ናት። ውጭ አማርኛ ለመናገር አፌ ሲፈራ፣ በር ዘግቼ የማወራት እሷን ነበር። ማን ነው አናቷን የሚቆርጠው?

ግን አደይ ለተም ያኔ ከአንድ ቂጣ ግማሹን ሰጥተውኛል። የከበደኝ ይሄ ነው።

እሑድ፣ ጥቅ. 9

አደይ ለተ ተሸካሚ ይዘው መጡ። ሐያት ዛሬ ትወጣለች አልኳቸው። ፊታቸው ፈካ። እኔም አብሬያት እወጣለሁ ስል ጠቆረ።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ ለዛፍ ብለሽ እኔን ትተሽ?»

«አደይ፣ ቤት ፈልጊላት ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

አለቀስኩ፣ አዎ። ሐሳቤን ግን አልቀየርኩም። ለሠርጉ እመጣለሁ፣ እልልም እላለሁ። እዚህ ቤት ግን አላድርም።

ለዚያ ደላላ ደወልኩ። አሮጌው ቤት አልተያዘም። ለሐያት ብቻ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ሁለት ነን አልኩት።