ውሃው ሲሸከመኝ

ጥቅምት 4 ቀን 1979
ደግሞ ጉልበቴ! ከሱቅ እስከ ቤት እየቆምኩ ነው የደረስኩት። ሐኪሙ ትናንት ያለኝ ከጆሮዬ አልጠፋም... «ክብደትዎን ካልቀነሱ በዓመት ውስጥ አልጋ ላይ ይቀራሉ። ጉልበትዎ የእግር ጉዞ አይችልም፤ ውሃ ውስጥ ይራመዱ።» ውሃ ውስጥ? እኔ? ቦሌ መንገድ ያለው ሆቴል መዋኛ አለው ይላሉ።

ጥቅምት 9
ሄድኩ! አሠልጣኟ ዘርፌ በዕድሜ ልጄ ትሆናለች። የምትመጣው እሑድ እሑድ ብቻ ነው። «እትዬ ወርቅዬ፣ አይፍሩ። ውሃው ይሸከምዎታል።» እስከ ደረቴ ገባሁና... የት ሄድኩ? ጉልበቴም የለ፣ ሰውነቴም የለ። ዓይኔን ጨፍኜ ስራመድ ከቡልቡላ ወንዝ ማዶ ደመና ላይ የምሄድ መሰለኝ። አውሮፕላን በላዬ አለፈ። እሱም እንደኔ ከባድ ነው... ግን ይበራል።

ጥቅምት 27
ቂንጬ ያለ ቅቤ። ጎመን። ሻይ ያለ ስኳር። ወይ መከራ! ቅቤ በሕልሜ መጣ።

ጥር 16
ቀሚሴ ሰፋኝ። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ጎረቤቶቼ አጥሚትና ዶሮ ወጥ ይዘው ከች አሉ። በሽተኛ ሊጠይቁ! የሺአረግ ጉንጬን ዳብሳ «እግዜር ይማርሽ» ብላ አለቀሰች። ሳቄን ዋጥኩት። ባሌ አስፋው ግን አልሳቀም። ሲወጡ ጠብቆ፦
«ሰው ምን ይለኛል? ሚስቱን አስራበ ነው የሚለኝ! በቃ፣ ተይው።»
«ጉልበቴስ?»
ሬዲዮውን ከፈተ።

ጥር 24
አልሄድኩም። ውሃው ናፈቀኝ። አስፋው ይወደኛል፣ አውቃለሁ። አልጋ ላይ ስቀር ግን ያ የሚፈራው ሰው መጥቶ ያነሣኛል?

የካቲት 1
የቀበሌ ስብሰባ ነበር፤ መቅረት ያስጠይቃል። ቢሆንም ፎጣዬን ይዤ ወጣሁ። አስፋው አየኝ። ውሃው ውስጥ ሆኜ እንኳ ስሜ ሲጠራ ይሰማኝ ነበር።

አመሻሽ ላይ የሺአረግ እያለከለከች መጣች። ሊቀመንበሩ «ጓድ ወርቅዬ የት ናት?» ሲል አስፋው ብድግ አለ አለችኝ። ያ «ሰው ምን ይለኛል» ባዩ! «ጓዶች፣ ሚስቴ አልታመመችም፣ አልተራበችም። ዋና ላይ ናት።» አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሱ ግን ስቀው እስኪጨርሱ ቆሞ ጠበቃቸው አለችኝ። እንባዬ መጣ።

እራት ላይ ጎመኑን ወደኔ ገፋ አደረገው። ከዚያ ቦርጩን እያሻሸ፣ ቀስ ብሎ፦
«ለመሆኑ... ውሃው ይበርዳል?»